ለሐሙስ ዓምድ የለም

ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣
«ሁለት ሰው ለገሃር!» ሲል የታክሲው ረዳት ጉሮሮው እስኪቀደድ፣
እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፣ ከኋላ ክፍል ውስጥ፣
ሰርቨሩ የላከውን በየፈርጁ ስገለብጥ።

ሲመጣ ተጠቅልሎ ነው፤ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ ሰው፣
በሰውየው ውስጥ ስልክ፣ ከስልኩ ሥር አድራሻ፣ ሰፈሩ የፈረሰው።
ፈትቼ፣ ዘርዝሬ፣ ሰውን ከሣጥኑ እለያለሁ፤
እንዳይጠፋፉ ብቻ በቀጭን ቁጥር አስራለሁ።
ማከማቻው እንዲህ ይወዳል፦ አንድ ነገር አንዴ ይቀመጥ፣
የፈለገው በቁጥሩ ይጥራው፣ ሁለቴ አይገልበጥ።

ጋሽ ወንድይፍራው ከጀርባዬ ቆመዋል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት እነዚህን የብረት በሮች ጠብቀዋል፤
ለጡረታ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል።
«ሺህ አንድ መቶ ስድስት?» አልኳቸው ለሙከራ።
ስክሪኑን አላዩም፣ አልቆጠሩም ተራ፦
«ትርንጎ። ሐሙስ ሐሙስ ነው የምትመጣው፣ ከሰዓት፤
ቁልፉን ሁለቴ ታዞረዋለች፤ ባዶ መሆኑን እያወቀች፣ ምናልባት።»

ፈለግኳት። አገኘኋት፣ በአንድ ሰከንድ ሲሦ፤
ስም፣ ቁጥር፣ ክፍያ። ሌላው ተቀንሶ።
ልጽፍላት ብል፣ ዓምድ የለም ለሐሙስ፤
ጨመርኩት፤ ቀይ ስህተት ሆኖ መጣ ሲመለስ።

ደግሞ መብራት ሄደ።
አርባ ሺው ገብቶ፣ የቀረው ከበሩ ላይ በረደ።
ግማሹ ሣጥን ባለቤቱን በቁጥር ይጣራል፤
ባለቤቱ ገና ነው፣ ሽቦ ላይ ቀርቷል።

በስልካቸው መብራት ወረድን ወደ አዳራሹ፤
በመዳፋቸው ሄዱ በር በር እየዳሰሱ፦
«ይህ የቴምብር ሰብሳቢው። ይህ የሐኪሙ፤ ሞተዋል፣ ልጃቸው ነው የሚከፍለው፤
ይከፍላል እንጂ አይከፍትም። ይህ ደግሞ የኔው።»
«የእርስዎ?»
«ማን ይጽፍልኛል ብለህ ነው! ግን ሰው ቁልፍ ሲኖረው...»
አሉና ተዉት።

መብራቱ ሲመጣ ከዜሮ ጀመርኩ።
በዓምዶቹ መጨረሻ አንዲት ጨመርኩ፦
«ማስታወሻ»፤ ባዶ መሆን የምትችል፣ ማንም የማይጠየቅባት።
አለቃዬ ነገ «ይህቺ ደግሞ ለምን?» ይለኛል፤ መልስ የለኝም ለጊዜው ለእሷ ያዘጋጀሁላት።
ሺህ በሺህ፣ ሣጥኖቹ ባዶዋን ይዘው ሲገቡ ተመለከትኩ፤
በአንዱ ላይ ብቻ
«ሐሙስ» ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ገና ረቡዕ ነው።