አፈር የበላ መስታወት

መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ኤጭ!» ሲል፣ የእኔ ልብ ወደ ላይ ነጎደ፤
ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልሁ፣
ከውኃው ታንከር አጠገብ፣ ከሰገነት ወጣሁ።

የፒያሳን ሰማይ በወር አንዴ ነው የማገኘው፣
ያውም መብራት ኃይል ሳያስበው ሲለግሰኝ ነው።
ያለዚያ ከመንገዱ ዳር የተተከሉት አምፖሎች ሁሉ
ኮከብ ያባርራሉ፣ ሌሊቱን «ቀን ነህ» እያሉ።

ታኅሣሥ ነው። ብርዱ ከእንጦጦ እየተንደረደረ
ጃኬቴ ውስጥ አደረ።

ቱቦው የመርካቶ ላሜራ ነው፣ ለምኜ ያስጠቀለልሁት፤
መስታወቱ ከሻርጃ፣ በአክስቴ ልጅ ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ያገኘሁት፤
ሞተሩን የሚያዞረው አሮጌ የታክሲ ባትሪ።
አቀናሁት። ኦሪዮን ቆሟል ከክሬኑ ክንድ በላይ፣
ከቀበቶው ሥር ሰይፉ፣ ከሰይፉ መሀል ደግሞ
ትንፋሽ የምታህል ጉም፣ ለሚያውቃት ብቻ የምትታይ።

ሠላሳ ሰከንድ። ቀጭ። ደግሞ ሠላሳ። ቀጭ።
ምድር ትዞራለች፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይከተላል፤
መቶ ፎቶ ካልተደራረበ አንድ ፎቶ መች ይወጣል?
በአርባ ሦስተኛው ላይ ቦሌ የሚያርፍ አይሮፕላን
ሰማዩን በቀይ ክር ሰፍቶ ሄደ፤ ጣልሁት ያን።

የቀረው ግን ደበዘዘ። የከዋክብቱ ዙሪያቸው
ወተት የነካው መሰለ፤ ጠርዝ ጠፋባቸው።
ትኩረቱ ይሆን? ነካካሁ፤ አይደለም። ጤዛ? አይደለም።
ባትሪ አበራሁ ወደ ቱቦው ሆድ፤ መስታወቱ የለም፤
አፈር ብቻ።

ቀላ ያለ፣ ሻካራ፣ የጭቃ ግድግዳ ዱቄት፤
ጭድ አለበት፣ የኖራ ቅርፊት አለበት፣ የሰው ቤት።

ባለፈው ጥቅምት ነው፣ ከማዶ ስካቫተሩ
የጋሽ ስንሻውን ሱቅ የነከሰው፣ ከነጣሪያው ከነበሩ።
ሰዓት አዳሽ ነበር፤ አርባ ዓመት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
አቧራ በላስቲክ የሚነፋ፣ የራሱን ትንፋሽ አፍኖ።
ያቺን መንፊያ ለእኔ ሰጥቶኝ ነው የሄደው፦
«መስታወት በአፍ አይነፋም፣ ልጄ፤ ምራቅ ነው የሚጎዳው።
በጨርቅም፣ አፈር ልብላልህ፣ እንዳትፈትገው፤
ቅንጣቷ አሸዋ ናት፣ ብርማውን ታርሰዋለች፤ ዝም በላት፤
ትንሽ አቧራ አያሳውርም፤ ሲበዛ ብቻ እጠባት።»

ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሰው፤
እዚያ፣ በስልክ እንዳለኝ፣ ኮከብ ሞልቷል፤
የጠፋው ሰዓት የሚያሠራ ሰው።

መብራት መጣ። ልጆች በፉጨት ተቀበሉት። እኔ ወረድሁ።
ቀለበቴን አወለቅሁ።
ሦስቱን ቡሎን ፈትቼ፣ ከሳፋው ውስጥ፣ ከፎጣ ላይ
አጋደምሁት፣ ፊቱን አድርጌ ወደ ላይ።
መጀመሪያ ነፋሁ። ከዚያ የቧንቧ ውኃ (የምትመጣው ሌሊት ነው) በዝግታ፤
ቀላ ብሎ ወረደ የሱቁ ግድግዳ፣ የወንበሩ ቦታ።
ከዚያ አንዲት የላርጎ ጠብታ፤
ጥጡ በገዛ ክብደቱ ሲሄድ፣ ጣቴ ሳይጫነው፣
አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ መጣል ነው፣ አዲስ ማንሳት ነው።
በመጨረሻም የባትሪ ውኃ፣ ለታክሲው ባትሪ የገዛሁት።
በጠርዙ አቆምሁት፤
ጠብታው በራሱ ጊዜ ሲሸሽ፣ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ዘበኛው ጎንጤ በሳፋው ድምፅ ነቃ፦
«በዚህ ሌሊት ምን ታጥባለህ?»
«ዓይን» አልሁት።
«ዓይንህ ላፈር!» ብሎ ሳቀ፤ «ሂድ ተኛ በቃ!»

ሳፋውን ልደፋ ሄጄ እጄ እምቢ አለኝ ከፍሳሹ አፍ፤
የሰው ቤት እንዴት ይደፋል?
እስኪዘቅጥ አቆየሁት፣ እስከ ጠዋት፣ ከደረጃው ጫፍ።

በጥር፣ መብራት ደግሞ ሄዶ፣ ያነሳሁትን ላክሁለት፤
ሐምራዊ ጉም፣ ከመሀሉ አራት ለጋ ከዋክብት ያሉበት።
«ምንድን ነው ይኼ?»
«አቧራ ነው፣ ጋሽ ስንሻው፤ የሩቅ አገር አቧራ፣
ተሰብስቦ ሲጠብቅ ኮከብ ሆኖ የሚያበራ።»
ዝም አለ። ከዚያ፣ እንደ ባለሙያ፦ «ብርሃኑ መቼ ተነሣ?»
«ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት።»
«እንግዲያማ ወደ ኋላ ይቀራል፣» አለኝ፤ «ይዘኸው ና፣ ይታደሳ።»