ሆን ተብላ የተበሳች

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዊኒፔግ ከተማ፣
የሰው ቤት ጠብታ ከእንቅልፍ ሲጠራኝ፣ ስልክ ስሰማ፣
ካናፓ ጠምጥሜ፣ ማኒኮቶ አጥብቄ፣
ከሰው ማጠቢያ ሥር በጀርባዬ ወድቄ፣
ጠብ ሲል ስደፍን
ነበረ ኑሮዬ።
አሁን ግን ምድር ቤት፣ ከገዛ ጓዳዬ፣
የመስታወት ገንዳ፣ የዓሣ ቤት ልሠራ፣
አሥራ አምስት ኩንታል ውሃ ላቆም በተራ።
ለምን? አትጠይቁኝ። ምናልባት ሳይጎዳ፣
ዝም ብሎ ቆሞ ላየው፣ እንደ እንግዳ።

ወይንሸት ከደረጃው ቁልቁል ተመለከተች፣
«ዓሣ ጎርጓሪ...» አለች፣
ዘንዶውን ሳትጨርስ ተመልሳ ወጣች።

ኦሬስት ጎረቤቴ የጥንት መስታወት ቆራጭ፣
ሰማንያ ሞልቶታል፤ ሻዩን ሲያነሳ ረጭ፤
እጁ ይንቀጠቀጣል።
ሲሊኮን ሲይዝ ግን መንቀጥቀጡን ይተዋል።
ትንፋሹን ዋጠና፣ ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ፣
አንድ መስመር ሳበ፣ ሳይቆም፣ ሳይመለስ።
ከዚያ በኋላ ነው አየር የተነፈሰው፤
«መስታወት» አለኝ፣ «ያስቀይመዋል የቸኮለ ሰው።»

ወለሉ ጠማማ ነው፣ ስሚንቶው ያዘነብላል፤
ውሃ ልኬን ባኖር አረፋው ይሸሻል።
ጣውላ እየላግሁ፣ ሽብልቅ እየከተትሁ፣
አረፋው መካከል እስኪተኛ ጠበቅሁ።

ከዚያ ቧንቧው መጣ።
ከላይ የሞላው ወርዶ ከታች ሊጠራቀም፣
ፓምፑ ሊመልሰው፣ ዞሮ እንዳይደክም።
ውሃ ባለጉዳይ ነው፤ በየጎሚቶው
ባጠማዘዙት ቁጥር ያልቃል ጉልበቱ።
ስለዚህ አሳጠርሁ፣ ስለዚህ አቀናሁ፣
ኮላውን ቀብቼ እስከ ሠላሳ ቆጠርሁ።
ሳራቺኔስካዋን ከግድግዳው ጀርባ፣ ክንድ ከማይገባበት፣
«ማን ይነካታል?» ብዬ ደብቄ ሰካኋት።
(እዚህች ላይ ምልክት አድርጉልኝ።)

ሌሊቱን ሲሞላ አደረ። ጠዋት ቴፕ ለጥፌ፣
በእርሳስ ጫርሁ የውሃውን አፍ።
ሶልያና አፍንጫዋን ከመስታወቱ አጣብቃ፣
«ዓሣዎቹስ?» አለች።
«ገና ነው» አልኳት፣
«መጀመሪያ ውሃው ይልመድ ቤት።»

ሁለት ቀን ከእርሳሱ ንቅንቅ አላለም።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
ንፋሱ በረዶ ሲያጨስ፣ ድርግም አለ መብራት።
ፓምፑ ዝም አለ። የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
ያን ሌሊት ግን ሳቁን በጆሮዬ ሰማሁ፦
በወጣበት ቧንቧ፣ ቁልቁል፣ ወደ ኋላ፣
ኩል ኩል... ኩል ኩል...
የታችኛው ገንዳ ሞልቶ ሲገነፍል።
ሶልያና ከደረጃው ባትሪ አብርታ፣
«አባዬ፣ ቤቱ ሾርባ እየጠጣ ነው!»

ምንጣፉ ረግረግ ሆኗል። በሆዴ ተሳብሁ፣
እስከ ትከሻዬ ክንዴን ሰደድሁ፣
ያቺን የደበቅኋትን ዘወርኋት፣ ዘወርኋት፣
ስንት ዙር እንዳላት
ያኔ ነው ያወቅኋት።
ወይንሸት ፎጣ ይዛ ወረደች። ተንበርክካ ጨመቀች።
ዘንዶውን አላነሳችብኝም።

በማለዳ ኦሬስት መጣ፣ ቦት ጫማው በረዶ እንደለበሰ፤
አልሳቀም። በቧንቧው ላይ ጣቱን አንፏቀቀ፣
ከውሃው ከንፈር ጋ ሲደርስ አቆመ።
«መሰርሰሪያ» አለ፣ «የክብሪት እንጨት የምታህለውን።»
እኔ፣
ሃያ ዓመት ቀዳዳ ስደፍን የኖርሁት፣
ያልታማ ቧንቧዬን በገዛ እጄ በሳሁት።
ሆዴ ተገለባበጠ።

ፓምፑን ሆን ብለን አጠፋን። ውሃው ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣
ቀዳዳዋ አየር ሳበች፣
እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳለች፣
ውሃውም ቆመ።
ኦሬስት ሻይ ጠየቀ።

ዓሣዎቹ አልመጡም፤ ምናልባት በሚያዝያ።
ማታ ግን፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከምድር ቤት እሰማታለሁ፣
ቀጭን ክር ውሃ ወደ ጎን ስትተፋ፣
ጥስ... ጥስ...
እጄ ከብርድ ልብሱ ሥር ይነቃል፣ ካናፓ ፍለጋ።
በሌላኛው እጄ እይዘዋለሁ።
ትትፋ።