የቁልፍ ቀዳዳ

ሠላሳ ዓመት ከሂርማታ በረንዳ
ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ
ሰው ለካሁ።
የሐጂ ሙዘይን ግራ ትከሻ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ፤
የየትኛዋ ልጅ ወገብ
ከእናቷ በፊት ለእኔ እንደነገረኝ አውቃለሁ፤
ትንፍሽ አላልኩም።
ልብስ ሰፊ ማለት መጀመሪያ አፉን የሰፋ ነው።

የራሴንም እንዲሁ።
አሥራ አንድ ዓመት፣ በየማታው፣ ሁለት ሰዓት ሲል
አንዲት ክኒን በአንድ ጉንጭ ውኃ።
ዜናው ሲጀምር ረውዳ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች፣
የብልቃጡ ክዳን ጠቅ ሲል ልጆቹ እንዳይሰሙ።
“ቫይረሱ በደምህ አይታይም” አለችኝ ሲስተር።
አይታይም!
በቀይ ጨርቅ ላይ እንዳለፈ ቀይ ክር፣
ስፌቱ አለ፣ ዓይን ነው የሚያጣው።
በዚህ ታርቀን ነበር፤
እሱ ላይታይ፣ እኔ ላልናገር።

ኋላ ቀበቶ ከሚያርፍበት በላይ
አንድ ቀይ ነገር መጣ፣ የሃምሳ ሳንቲም ታህል፣
ደረቅ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ።
“ጭርት ነው” አሉኝ፤ ቅባት ሰጡኝ።
“ችፌ ነው” አሉኝ፤ ሌላ ቅባት።
ኸይሩ ጎረቤቴ፣ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ብሎ ማለ፤
ባለ መድኃኒት ቤቱ “ሳሙና ቀይር”።
ቀየርኩ። ሁለት ክረምት አለፈ።
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
እኔ ወገቤን ስፍቅ ይነጋል፤
እከኩ መርፌ ነው፣ ያለ ክር የሚመላለስ።
ቀዩ እንደ ፈሰሰ ሻይ ተስፋፋ፣
ከዚያ እንደ ኮት ትከሻ ጥጥ ከውስጥ ተነፋ።

ዶክተር ሲፈን ልጅ እግር ናት።
በማስመሪያ ለካችኝ፤
በሠላሳ ዓመት የለካኝ ሰው እሷ ናት።
“አምስት በአራት” አለች ለነርሷ።
“በሰያፉ ለኪው፣ ጨርቅ የሚለጠጠው በሰያፍ ነው” አልኳት።
ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም።

በክብ ምላጭ ቀደደችኝ።
አላህ ያሳያችሁ፣ ልክ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ!
ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ አልዋሽም።
ቁልፍ ግን ክፉ ቃል ነው፣
አንዱ ደረት ይዘጋል፣ አንዱ ቤት ይከፍታል፤
በየትኛው ቀዳዳ አጎንብሳ እንዳየችኝ እንጃ።

“ቁራጩ አዲስ አበባ ይሄዳል፤
እዚህ በሌለ ቀለም ይነከራል።”
እኔ ጊቤን ተሻግሬ አላውቅም።
ሰኮሩን አልፎ ቁልቁለቱን የወረደው፣
ወልቂጤ ላይ ተሳፋሪው ምሳ ሲበላ
በጠርሙስ ውስጥ የጠበቀው
የእኔ ገላ ነው።
ምን ቀለም ያዘ ይሆን? እያልኩ
የሰው ሱሪ አበላሸሁ፣ ሁለት።

በሰባተኛው ሳምንት ቃሉ መጣ።
ፖፕሊን፣ ገበርዲን፣ ቴትሮን፣
ሊምፎማ።
“ሜትሩ ስንት ነው?” ልል ትንሽ ቀረኝ።
ሊጠብቁኝ የተቀጠሩት ዘበኞች ናቸው አለች፣
ሸፍተው ከቆዳዬ ሥር ሰፈሩ።
“ከዚያኛው የመጣ ነው?”
“ከእሱ ጋር ይመጣል፤ ያለ እሱም ይመጣል።
ክኒንህን እንዳታቋርጥ።”
ማን እንደቀደደው ጨርቅ ሆኖ የተናገረ የለም።

ለመድኃኒቱ ተራ ስጠብቅ ጋዋን ሰጡኝ።
ከኋላው ማሰሪያ የለውም፤
ስንቱ ገመናውን በእጁ ጨብጦ ቆሞበታል።
ከኮሌታዬ ሥር መርፌ ነቀልኩ፣
ከኪሴ የማን ሸሚዝ ትራፊ እንደሆነ የማላውቀው ቁልፍ፣
ተከልኩበት።
ነርሷ አየችና ምንም ሳትል
አራት ጋዋን አምጥታ ጭኔ ላይ ከመረች።

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዜናው ሲጀምር፣
ረውዳ እጇን ወደ ሬዲዮኑ ላከች።
“ተይው” አልኳት።
ብልቃጡ ጠቅ አለ።
ትልቁ ልጄ ከደብተሩ ቀና አለ።