አንድም

ሁለት ቃል ሰጡን በጠዋት፣ የኔታ ክንፈ ገብርኤል፣
ጎረቤላ ዳገት ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይከፈል።

አንዱ ከኦሪት ነው፤ "ተለዩ" ይላል፣ "ተቀደሱ"፣
"ነውረኞች አይቅረቡ፣ ከመጋረጃው አይድረሱ።"
አንዱ ከሐዋርያው ነው፤ "ባሪያና ጨዋ የለም፣
ሴትና ወንድ ቢባል እንኳ፣ በአንዱ ዘንድ ሁለት አይቆም።"

"አስታርቁ" አሉን የኔታ፣ በርኖሳቸውን ሰብስበው፤
"ቃል ከቃል አይጣላም፣ የሚጣላ አንባቢው ነው።"

እኛም ተነሣን፦
አንድም፣ መለየት ማለት፣ ከክፋት ነው ከሰው አይደል፤
አንድም፣ የኦሪቱ አንካሳ፣ በእምነቱ ያነከሰ ይሆናል፤
አንድም፣ አንድ መሆናችን፣ በወዲያኛው ዓለም ይፈጸማል፤
አንድም...
አንድም...
እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ፣ አንድ ሳንሆን፣ ስንት አንድም!

በዚያው ዕለት ተሰነጠቀ፣ የጠበል ቤቱ ገንቦ፤
እኔ ተላክሁ ቁልቁለት፣
ገንዘቡ በኩታዬ ጫፍ፣ ልቤ በፍርሃት ታጅቦ፤
ከጥዱ በታች፣ ከኮሶው ማዶ፣ ሰፈር ከማይሉት ሰፈር፣
እሳቱ ድንጋይ ካጠቆረበት፣ ቀይ አፈር ከሚቆፈርበት መንደር።

በለጥሻቸው ትባላለች።
እናቷ ምን አይታ ይሆን፣ ይህን ስም ያወጣችላት?
ማንን በለጠች? በሌሊት ጅብ ትሆናለች የሚሏት፣
ልጅ ሲታመም ስሟን ጠርተው፣ ጭስ የሚያጨሱባት ሴት።

እስከ ክርኗ ጭቃ ነክራ፣ አፈር ከውሃ ስታስማማ፣
ትዝ አለኝ ያ የምንደግመው፣ "ሠሪው አንተ፣ ጭቃው እኛ"፤
ግን አፌን ይዤ ቆምሁ፣ እንደ ሰማ፣ እንዳልሰማ።

"ተቀመጥ" አለች፤ ቆምሁ።
"ውሃ ልስጥህ" አለች፤ "ጾም ነው" አልሁ።
ጾም አልነበረም። ማክሰኞ ነበር።
ጉሮሮዬም ደርቆ ነበር።

ገንቦውን አንኳኳችልኝ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣
እንደ ደወል አቃጨለ። "ደኅና ነው" አለች፣ "ለጌታ።"

ይዤው ወጣሁ ዳገቱን። ካህናቱ ጸለዩበት፣
ተባረከ፣ ተቀደሰ፣ ጠበሉም ተሞላበት፤
ሕዝቡ ተጋፍቶ ጠጣ፣ አንዱን ጣሳ ተቀባብሎ፣
ደዌውን ሊጥል፣ ቡዳውን ሊያስለቅቅ ብሎ።
እሷ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ባሻገር፣
ነጠላዋን አጣፍታ፣ ገንቦዋን ታየው ነበር።

ልቀዳ ሳጋድለው፣ ጎድጎድ ያለ ነገር ከሥሩ፤
የአውራ ጣቷ ነው፣ በእሳት የጸና እስከነ መስመሩ።
የእኔን ጣት ሰደድሁበት።
ልኩ ነው።

ማታ የኔታን ጠየቅሁ፦ "ገንቦው ተቀድሷል ወይ?"
"እንዴታ!" አሉ። "እጇሳ?" አልሁ።
ዝም አሉ። ነፋሱ ነው የመለሰው፣ ከጥዱ ላይ።
ኋላ ግን "ነቢይ አለ" አሉ፣ "የምንቸቱን ነገር ያየ፣
የየጓዳው ምንቸት ሁሉ፣ እንደ መሠዊያው ዕቃ፣ ለአምላክ የተለየ።
ያን ቀን ቅድስናው ይሰፋል እንጂ፣ ስለ ሰፋ አይረክስም፤
ሰው ሁሉ ይለያል ልጄ፣ ከማንም ግን አይለይም።"
"መቼ ነው የኔታ፣ ያ ቀን?"
"አንድም..." አሉና ተዉት።

እኔ ዛሬ ሸብቻለሁ፣ ስንቱን ቃል ተርጉሜያለሁ፣
ኦሪቱን ከወንጌሉ ጋር፣ በአንድ ትራስ አስተኝቻለሁ፤
አንድ ንባብ ብቻ ቀረኝ፣ ምሥጢሩ ያልተፈታልኝ፣
"ውሃ ልስጥህ" ያለችው፣
ማክሰኞ ዕለት፣
ሲጠማኝ።