ቀንዱ ሳይሰነጠቅ

ካፍዴራ ጨው ጭኖ በሚሌ ሲገባ፣
ወንድሜ አረቡ ያመጣት አበባ፣
በዘይት ጣሳ ውስጥ እርጥብ ጆንያ ለብሳ፣
ጋቢና ተቀምጣ ኮምቦልቻ ደርሳ፤
«አጥሩ ዝጓልና ትሸፍነው» አለኝ፣
ዶማውን አቀብሎ ጉድጓድ አስቆፈረኝ።
ውሃ ያጠጣኋት እኔው ነኝ በእጄ፣
ላላየ ያሳየሁ ጠርቼ ከደጄ።
በሦስተኛው ዓመት መንገድ በላውና፣
እሷ ቀረችልኝ ቆርቆሮው ላይ ሆና።

ዘንድሮ መስከረም ቦርከና ሲጎድል፣
ልብስ ላጥብ ወርጄ ከድልድዩ በታች፣
አንዲት የግራር ዛፍ አንገቷን ታንቃለች።
ጣት የምታህል ሐረግ ግንዱን ሦስቴ ዞራ፣
ሌላ ክንድ ፍለጋ ጫፏ ተቀስራ።
በጥፍሬ ስነካት ነጭ ወተት ደማች።
አወቅኋት።
የኛ ናት።

ሙህዬ አለፈ ፍየሎቹን ነድቶ፣
ከባቲ ገበያ በሌሊት ተነሥቶ።
«ቆላውን ጠይቂ፤ በይ እኔ ልንገርሽ፣
ግመል የማይቀምሰው ምን ብሎ አማረሽ?
ዛፉን ትለብስና ጥላ ነው ስትይው፣
ከውስጡ ደርቆ ነው የምታገኚው።
ቀንዷን አይተሻል? ጥንድ ነው፣ አረንጓዴ፤
እሱ የፈነዳ 'ለት አበቃ ዘዴ።
ፍሬዋ ሐር አለው፣ በነፋስ ይበራል፣
በውሃም ይሄዳል።»
አጥሬን አልነገርኩት።

ልብሴን ሳልጨምቀው ሮጬ ወጣሁ ቤቴ፤
ቆጠርኩ ቆርቆሮው ላይ፦ አርባ ጥንድና አንድ፣
ሁሉም ያልተከፈተ፣ ሁሉም የሾለ ቀንድ።
አንደኛው ብቻ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል፣
ነጭ ክር በቀዳዳው ብቅ ብሎ ይታያል።

በእጄ ፌስታል አጥልቄ ያን አስቀድሜ፣
ቀንድ ቀንዱን ለቀምኩ በርጩማ ላይ ቆሜ።
የማዳበሪያውን ከረጢት አፉን አሰርኩት።
ከዚያ ዶማ።

እናቴ ከደጃፍ ተቀምጣ ስታይ፣
«የወንድምሽን ሐረግ ልትነቅይው ነው ወይ?»
አለች።
አረቡ ልጅ አልወለደም።
ሐረግ ያለችው እሱን ነው፤ ሌላ ሐረግ የለንም።
ዶማዬ አየር ላይ ጥቂት ዘገየ።
ከዚያ ወረደ።

ሥሩ የሰው ክንድ ያህላል። እስኪመሽ ታገልኩት።
ከረጢቱን ከነቀንዱ እሳት ላይ ጣልኩት።

በማግስቱ ወንዙ ዳር፣ ግራሯ ዘንድ ስወርድ፣
ከኋላዬ ኮቴ፣ ከዘራና ማጭድ።
እናቴ ናት።
ቆረጥን፣ ፈታን፣ ከሥሩ ነቀልን፤
ስለ አረቡ አንድ ቃል አልተናገርን።
በግንዱ ዙሪያ የቀረውን ሰንበር
በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።
«አምናም ፈንድቶ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ፣
ቁልቁል፣ ውሃው ወደሚሄድበት
እያየች።