ስድስተኛው ጓጉንቸር

ከኪሚ ወንዝ ዳር ነው፣ ከወረቀት ፋብሪካ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በረዶው ጉልበት ሲለካ፤
ማድረቂያው ቆሟል፣ ከርሱን ከፍቶ እንደ ታረደ በሬ፣
የተሰበረው ጥርሱ ተተክቶ፣ ሊነሳ ተቀጥሮ ለዛሬ።

ማብሪያው ላይ ስድስት ጓጉንቸር፣ ስድስት ሰው፣ ስድስት ነፍስ፤
አምስቱ ፈትተው ወረዱ፣ ሊታጠቡ፣ ሊለውጡ ልብስ።
ስድስተኛው ቀረ።
ቀይ ነው፤ የልጅ ጡጫ ያህላል፤
በነጭ ቀለም «ታኔሊ» ይላል።

ታኔሊ የት አለ?
መታጠቢያ ቤት የለ፣ ምግብ ቤት የለ፤
ኮቱ ከመስቀያው የለ፣ መኪናው ከግቢው የለ፤
ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሰሚ የለ።

ሥራ አስኪያጁ ደወለ፦
«ምን ያስቆማችኋል? የአንድ ሰዓት ዋጋ አታውቁ?
ሰውዬው ተኝቷል እቤቱ፤ ቁረጡትና ልቀቁ!»

ኦይቫ መቁረጫውን አነሳ። ክንዱን የሚያህል ጉጠት ነው።
የጓጉንቸሩ አንገት ላይ አሳረፈው።
አየሁት። እጁ አልጨበጠም።
«ኮቱ ሄዷል» አለኝ፤ «መኪናውም ሄዷል።
ሰውዬው ግን ሲሄድ ማን አይቷል?

«ኤርኪን አታውቂውም፤ አልተወለድሽም ያኔ።
እሱም መብራት አጥፍቶ ነው የገባው፤ መብራቱን ያጠፋሁለት እኔ።
ውስጡ ያደረ እንፋሎት፣ ተወጥሮ የቀረ ሞላ፣
የተንጠለጠለ ብረት፣ ማብሪያ አይጠይቅም ሊበላ።»

ቂመኛ ነው ብረት፤
ፊቱ ሲጠፋ ሆዱ የሚበራበት።

ልንፈልገው ልንገባ ነው። መጀመሪያ የኔን ሰካሁ፤
ኦይቫም የራሱን ሰካ። ከአንድ ሦስት ሆነ፤ ሳቅሁ።
«ፍቱ» የተባልን ሰዎች!

ከሮለር ሮለር ሥር፣ በሆዳችን፣ በባትሪ ብርሃን፣
«ታኔሊ!» እያልን፣ የገዛ ድምፃችን እየመለሰልን፤
ርጥብ ወረቀት፣ ቅባት፣ አንድ የተረሳ ጓንት።
ጓንቱን ሳነሳ ፈራሁ።
ባዶ ነበር። እፎይታ ማለት
ባዶ ጓንት ነው ለካ።

አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን መብራት ገባ በበሩ፤
(ጎህ በዚህ አገር ሦስት ሰዓት ነው፣ ክረምቱ ሲከብድ ዳሩ)
ሒልካ ናት፣ ሚስቱ፤ አርባ ኪሎሜትር ነድታ፣
ከሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ካልሲ ረስታ።
«ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ብረት ሲንኳኳ ሰማሁ» አለች፤
የቱታ ኪስ የዋለ ቁልፍ፣ አረፋው ሳይለቀው ይዛ መጣች።

ቁልፉን ብቻ አይደለም። ባለቤቱን ጭምር፣
በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ትኩሳት እያነደደው፣ ከኋላ ወንበር።

«ሌላ ሰው ይፍታለት» ያለ አልነበረም።
ሁለት ሰው ደግፎት ደረጃውን ወጣ።
ቀዳዳውን ሦስቴ ሳተ፤ ማንም እጁን አልዘረጋም።
በአራተኛው፣ ቀጭ።
ከዚያ የኔ። ከዚያ የኦይቫ።
«ይቅርታ» አለ ታኔሊ፣ ለማሽኑ ይሁን ለእኛ ሳይለይ፤
ኦይቫ ግንባሩን ዳሰሰው፣ መቁረጫውን ሰቀለ ከግድግዳው ላይ።

ሥራ አስኪያጁ የጠፋውን ሰዓት ጽፎ ላከ፣ በቁጥር፣ በሠንጠረዥ።
ያልጠፋውን የሚጽፍበት ዓምድ ግን አልነበረውም።

እኔ ዛሬም ቤቴ ልብስ ሳጥብ፣ ኳ ሲል አንድ ነገር ከሆዱ፣
ሶኬቱን ነቅዬ እቆማለሁ፤
እቆጥራለሁ፣ እነማን እንደገቡ፣ እነማን እንደሄዱ።