ትርፍ ክር

ጥር ነው፤ ሳስካቱን። ወንዙ ቆዳ አውጥቷል፣
ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ እንደ በሬ እንፋሎት ይተፋል።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ መስኮት የሌለበት፣
ማይክሮስኮፑ እንደ ጉድጓድ ጠልቆ፣ ኤሌክትሮን የሚዘንብበት።

ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሜዳ፤
ሜዳው ላይ ስብርባሪ፣ የገንቦ ገል፣ የረገፈ ግድግዳ።
ዘጠና ሰባተኛው ንድፌ ነው፤
ፈረሰ ይኸውና፣ እንደ ሌላው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቫይረስ መሰል ቅንጣት፣
መልኩን ይዞ የቀረ፣ ተንኮሉን ያወጡለት።
ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ባዶ፤
አይፀንስ፣ አይወልድ፣ የማንንም ሕዋስ አይዘርፍ አስገድዶ።
አንድ የቅኔ መምህር ቢያየው ይስቅብኝ ነበር፣
"ሰሙስ ይኸው፤ ወርቁስ የት አለ?" እያለ ሲመረምር።
ወርቅ የለውም፣ የኔታ። ምስጢሩ ላዩ ላይ ነው፤
የደም ዘበኛ የሚያነበው ቆዳ ነው፤ አንጀትንማ ማን አየው?

ሁለት መቶ አርባ ቁራጭ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ፣
ያለ አዛዥ፣ ያለ ሙጫ፣ ክብ ሆነው ልክክ።
በየጥንዳቸው አናት ላይ እሾህ አለ፤
የእውነተኛውን ጠላት ምልክት እዚያ ጫፍ ላይ ልሰፋ ስል ስንት ሌሊት ተቃጠለ።

ለማን? ለጥጃ ተቅማጥ። አይሳቁ፤
ኦሌክሲን የሚባል ባለ ከብት አለ ከከተማው ወዲያ፣ በአንድ ጸደይ ሠላሳ አንድ ጥጆቹ ያለቁ።
በስልክ ሲነግረኝ አላለቀሰም፤
የጆሯቸውን ቁጥር ብቻ ጠራ፣ አንድ በአንድ፣ አንዱንም አልዘለለም።

ዶሪን ፊድለር ብርጭቆ አጣቢያችን ናት፤ ሜቲስ፣ የባቶሽ ልጅ፣
በምሳ ሰዓት ዶቃ ትሰፋለች፣ በአጋዘን ቆዳ ላይ አበባ፣ በእጅ።
ከኋላዬ ቆማ ፍርስራሹን አየችው።
ነገርኳት። እንደ ቲማቲም ዋጋ አመዛዘነችው።
"ክርህን አጥብቀኸዋል" አለች፤ "ዶቃ ሲጠብቅ ቆዳው ይኮማተራል፤
ትንሽ ትርፍ ስጠው። ቆዳው ይተኛል፣ አበባው ቀና ይላል።"

ሳቅሁ፤ የዶክትሬት ሳቅ ነበረ፣
ቤት ስደርስ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በዚያው ሌሊት ጻፍኩት፤ ከምልክቱ በፊት አራት ግላይሲን፣
ከኋላውም አራት፤ ከአሚኖ አሲድ ሁሉ ትንሹን፣
የጎን ክንድ የሌለውን፣ እንዳሻው የሚተጣጠፈውን።

ሦስት ሳምንት ሄደ። ባክቴሪያው አበቀለው፣ እኔ አጠራሁት፤
ዛሬ ማለዳ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ጨረሩ ስር አስገባሁት።
ሜዳው ግራጫ ነው እንደ ወትሮው፤
ሜዳው ላይ ግን ክብ፣ ክብ፣ ክብ። አመዳይ ላይ ሽምብራ የዘራ ማነው?
ቆሟል! እሾሁ እንኳ ይታያል፣ ፀጉሯን እንዳቆመች ድመት።
ዶሪንን ጠራኋት፤ ጓንቷ አረፋ እንደያዘ መጣች ከማጠቢያው ቤት።
አየች፣ አየች፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ፤
"ያቺ በስተግራ ያለችው ጠማማ ናት" ብላ ተመለሰች፣ የተወችውን ክምር ፍለጋ።

ጠማማ ነበረች፤ እውነቷን ነው።
የጥጃ ደም ያንብበው አያንብበው ገና ነው፤ ጸደይም ሩቅ ነው።
ለኦሌክሲን አልደወልኩም ገና፤
የቆመ ሁሉ አይሄድምና።